የተዘጋ የቆዳ ፋብሪካ ግቢ፦ አፈሩን ጠርጎ ማውጣት በቂ ነውን?

ጠያቂ፦ ግንበኛው

ጤና ይስጥልን። በሲቪል ምሕንድስና የተመረቅሁ ባለሙያ ነኝ፤ ስለ አፈር ጥንካሬ እንጂ ስለ አፈር ብክለት የተማርሁት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ምክራችሁን ለመጠየቅ ተገድጃለሁ። የማገለግለው የቤት ሠሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ባለች ከተማ ዳር፣ ከብዙ ዓመታት በፊት የተዘጋ የቆዳ ፋብሪካ ግቢ እንዲረከብ ሐሳብ ቀርቦለታል። ስፋቱ ሁለት ሄክታር ተኩል ያህል ነው። የማልፊያ ድራሞቹ ተነቅለው ተሸጠዋል፤ ነገር ግን የኖራ ገንዳዎቹ፣ ዝቃጭ ይደርቅባቸው የነበሩት ሦስት ጉድጓዶችና የቦይለሩ የነዳጅ ታንክ፣ ግማሽ አካሉ ተቀብሮ፣ ዛሬም እዚያው አሉ።

መሬቱ እስከ ስድስት ሜትር ጥልቀት ድረስ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ከዚያ በታች የበሰበሰ ድንጋይና ቀይ አሽ ይገኛል። ከአጥሩ ውጪ ባለው ሰፈር ነዋሪዎቹ የሚቀዱባቸው በእጅ የተቆፈሩ ጉድጓዶች አሉ። ለግቢው የሚቀርበው ጉድጓድ ውኃው ጨው ጨው ይላል፤ በእጅ መለኪያ ስናየው የሟሟ ጨው መጠን የሚያመለክተው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ 2,900 ማይክሮ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኝቷል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ግን 700 ብቻ ነው። ከግቢው ልዩ ልዩ ቦታ የወሰድነውን አፈር ደባልቀን ለላቦራቶሪ ሰጥተን፣ «ጠቅላላ ክሮሚየም ከፍተኛ ነው» የሚል ውጤት ደርሶናል።

የቀረበልን የሥራ ተቋራጭ ሐሳብ የላይኛውን አንድ ሜትር አፈር ጠርጎ፣ ቀድሞ ቀይ አሽ ይወጣበት በነበረ የተተወ ካባ ውስጥ ደፍቶ፣ ግቢውን በአዲስ ቀይ አሽ መሙላት ነው። ይህ በቂ ነውን? በቂ ካልሆነስ፣ ገንዘባችንን ከየት መጀመር ይገባናል? የማኅበሩ አባላት አብዛኞቹ በደመወዝ የሚተዳደሩ ሰዎች በመሆናቸው ሁለት ጊዜ የመክፈል አቅም የለንም።

መልስ 1፦ የድራሙ ሽማግሌ

ልጄ፣ በሌላ ከተማ ባለ የቆዳ ፋብሪካ 27 ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ኬሚስት አይደለሁም፤ ምን በየት ይደፋ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ለእናንተም ከላቦራቶሪው ወረቀት በፊት የሚያስፈልጋችሁ ይህ ይመስለኛል።

ጥሬው ቆዳ ወደ ፋብሪካ የሚገባው በጨው ታሽቶ ነው። በመጋዘኑ ደጃፍ ቆዳው ተራግፎ የሚቀረው ጨው በዝናብ ሟሙቶ መሬት ይገባል፤ የመጀመሪያው የእጥበት ውኃም እንዲሁ ጨው ብቻ ነው። ጉድጓዱ ጨው ጨው አለ ብለህ የጻፍኸውን ሳነብ ወደ ልቤ የመጣው ያ ደጃፍ ነው። ቀጥሎ ጠጉሩ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ይላጣል፤ ከዚያ በፒክል፣ ማለትም በአሲድና በጨው ውኃ፣ ይታጠብና በክሮም ድራም ውስጥ ገብቶ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ እኛ ዌት ብሉ የምንለው ይህን ነው። ከድራሙ የሚፈሰው አረንጓዴ ውኃ ውስጥ ቆዳው ያልጠጣው ብዙ ክሮም ይቀራል፤ እርሱም ከኖራው ውኃ ጋር ሲገናኝ ይረጋና ዝቃጭ ይሆናል። ስለዚህ ጨውን በመጋዘኑ ደጃፍ፣ ክሮሙን በዝቃጭ ጉድጓዶቹና በድራሙ ቤት ቦይ ሥር ፈልጉት። ቆዳው ሲሳሳ የሚወጣው ፍርፋሪም አለ፤ እኛ ሼቪንግ እንለዋለን። መጣያ ሲጠፋ ከአጥሩ ጥግ የሚቃጠልበት ጊዜ ነበር። የናንተም ፋብሪካ እንዲህ አድርጎ እንደሆነ ከቀድሞ ሠራተኞቹ በሕይወት ያሉትን ፈልገህ ጠይቅ፤ ቡና ጋብዛቸውና ግቢውን አብረሃቸው ዙር፤ ካርታውን እነርሱ ይስሉልሃል።

አንድ ነገር አደራ። ወደ ኖራ ገንዳዎቹና ወደ ዝቃጭ ጉድጓዶቹ ማንም ሰው እንዳይወርድ። በውስጣቸው የቀረው ሰልፋይድ አሲድ ከነካው ወይም ዝቃጩ ከተነካካ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ ሲበዛ ደግሞ አፍንጫ ማሽተቱን ያቆማልና ሰው «ሽታው ጠፋ» ብሎ በወረደበት ይቀራል። ሊያወጣው የወረደው ሁለተኛውም እንዲሁ።

መልስ 2፦ ዶዘር

አባታችን የተናገሩት እውነት ነው፤ ሆኖም ጠያቂው የቤት ሠሪዎችን ገንዘብ ይዘው የጥናት ተቋም እንዳይሆኑ እሰጋለሁ። ጥናት በተባለ ቁጥር ሁለት ክረምት ያልፋል፤ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ግን ማንንም አይጠብቅም። የተበከለ አፈር ተወስዶ ንጹሕ ሙሌት ከገባ ልጆች የሚጫወቱበት መሬት ንጹሕ ሆነ ማለት ነው። ዋልካውንም ቢሆን ለግንባታ ስለማይሆን ማውጣታችሁ አይቀርም፤ ስለዚህ አንዱ ወጪ ሁለት ሥራ ይሠራል። የጉድጓዱን ውኃ በተመለከተ ነዋሪዎቹን የቧንቧ ውኃ ተጠቃሚ ማድረግ ይቀላል።

መልስ 3፦ ውኃ ልክ

በከርሰ ምድር ውኃ ጥናት ሙያ የምሠራ ነኝ። የዶዘር አስተያየት ሁለት ትክክለኛ ነገሮች አሉት፤ ዋልካው ለመሠረት ሲባል መውጣቱ አይቀርም፤ የቧንቧ ውኃም ለነዋሪዎቹ ዛሬ ነገ ሳይባል ያስፈልጋል። የቀረበው ዕቅድ ግን ብክለቱን ከማጽዳት ይልቅ ወደ ውኃው የሚያቀርበው ይመስለኛል።

በቅድሚያ ስሌቱን እንመልከት። ሁለት ሄክታር ተኩል በአንድ ሜትር ጥልቀት 25,000 ሜትር ኩብ አፈር ነው። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ቢታሰብ ከ1,500 ምልልስ በላይ ሲሆን፣ የተቆፈረ አፈር እንደሚያብጥ ስናስብ ወደ 2,000 ይጠጋል። ከዚህ ሁሉ ጭነት ውስጥ አብዛኛው ምናልባት ጤነኛ አፈር ነው፤ ምክንያቱም ሽማግሌው እንዳስረዱት ክሮሙ የተከማቸው በጥቂት ቦታዎች ነው። ከየቦታው ተወስዶ የተደባለቀው ናሙና ይህን ልዩነት ስለሚደብቅ የተነገራችሁ የአማካዩን ቁጥር ብቻ ነው። በተቃራኒው የዝቃጭ ጉድጓዶቹ ከአንድ ሜትር በላይ ጥልቅ ከሆኑ ዋናው በካይ ከተጠረገው በታች ይቀራል። ጤነኛውን አውጥቶ በሽተኛውን መተው ማለት ነው።

ከዚህ የከፋው መድፊያው ነው። ቀይ አሽ እንደ ወንፊት ውኃ የሚያሳልፍ ድንጋይ ነው፤ አዲስ አበባ ከአቃቂ የጉድጓድ መስክ የምትጠጣው ውኃ የሚኖረውም በዚሁ ዓይነት ቀዳዳማና የተሰነጣጠቀ እሳተ ገሞራ ወለድ ድንጋይ ውስጥ ነው። በተተወ የቀይ አሽ ካባ ውስጥ የፋብሪካ ዝቃጭ መድፋት በውኃ ጋን አፍ ላይ ቆሻሻ እንደ መክተት ይቆጠራል። በግቢው ውስጥም ቢሆን ዝናብን በከፊል የሚመልሰውን ዋልካ አንሥቶ በምትኩ ቀይ አሽ መሙላት፣ በሥሩ በቀረው ክሮምና ጨው ላይ ክረምቱን በሙሉ ውኃ ማፍሰስ ይሆናል።

ስለ ዋልካው ግን ልንታለል አይገባም። እርጥብ ሲሆን ውኃ አያሳልፍም፤ በበጋ ሲደርቅ ግን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩ አብጦ ስንጥቁን ከመዝጋቱ በፊት ጨውንም ሌላውንም ይዞ በቀጥታ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ «ስድስት ሜትር ዋልካ አለን» ማለት ለከርሰ ምድሩ ውኃ ዋስትና አይሆንም።

አሁን ወደ ክሮሙ ልምጣ። «ጠቅላላ ክሮሚየም ከፍተኛ ነው» የሚለው ውጤት ብቻውን ብዙ አይናገርም። አንደኛ፣ ከጥቁር ድንጋይ የመጣ አፈር በተፈጥሮው ክሮሚየም ስላለው ከግቢው በላይ፣ ፋብሪካው ካልነካው ተመሳሳይ ዋልካ ናሙና ተወስዶ ሊነጻጸር ይገባል። ሁለተኛ፣ ክሮሚየም ሁለት ዋና መልኮች አሉት፤ ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ክሮሚየም ሦስት በገለልተኛ አፈር ውስጥ ረግቶ የሚቀር፣ በውኃም ብዙ የማይጓዝ ነው። አደገኛው ክሮሚየም ስድስት ነው፤ እርሱ በውኃ ይሟሟል፤ ከውኃውም ጋር ይሄዳል። ሦስቱ ወደ ስድስት ሊለወጥ የሚችለው በተለይ ክሮም ያለው ፍርፋሪ ሲቃጠል ሲሆን፣ በአፈር ውስጥም የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ካለ በዝግታ ይለወጣል። ሽማግሌው የተናገሩት የአጥር ጥግ አመድ ከሦስቱ የዝቃጭ ጉድጓዶች ይልቅ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። ላቦራቶሪው ክሮሚየም ስድስትን ለብቻው እንዲለካ ጠይቁ፤ በእጅ የሚያዘው የኤክስሬይ መመርመሪያ መሣሪያ ቦታውን ቶሎ ለመቃኘት ቢጠቅምም ሁለቱን አይለይም።

ገንዘባችሁን ከየት ትጀምሩ ለሚለው መልሴ ከውኃው አቅጣጫ ነው፤ ደግነቱ ከሁሉ ርካሹ ሥራም ይኸው ነው። በግቢው ዙሪያ ቢያንስ ሦስት ጉድጓዶችን ምረጡ፤ በአንድ መስመር ላይ የተደረደሩ አይሁኑ። የአፋቸውን ከፍታ በቀያሽ መሣሪያ አስለኩ፤ ሌሊቱን ሳይቀዳባቸው አድረው ማለዳ የውኃውን ጥልቀት ለኩ። የውኃው ከፍታ በሦስት ነጥብ ከታወቀ ተዳፋቱና የሚሄድበት አቅጣጫ በወረቀት ላይ ይሰላል፤ ለእርስዎ የሲቪል መሐንዲስ ለሆኑት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ልኬቱን በበጋ መጨረሻና ከክረምት በኋላ ድገሙት፤ በወንዝ አጠገብ አቅጣጫው የሚገለበጥበት ጊዜ አለና።

ከዚያ በኋላ ጨው ይመራችኋል። ከጨው የሚመጣው ክሎራይድ በአፈር ሳይያዝ ውኃው በሚሄድበት ፍጥነት ስለሚሄድ ከሁሉ በካዮች ቀድሞ ይደርሳል። የ2,900 ልኬታችሁ የሚያመለክተው ከግቢው ወይም ከሌላ የጨው ምንጭ የወጣ ውኃ ወደዚያ ጉድጓድ መድረሱን ሊሆን ይችላል፤ ክሮሚየም ስድስት ካለ ተከታትሎ ሊመጣ የሚችለውም በዚያው መንገድ ነው። ይሁንና ከወንዙ ማዶ ያለው ጉድጓድ ለንጽጽር አይበቃም፤ ከሌላ ተዳፋት የሚመጣ ውኃ ሊሆን ስለሚችል ውኃው ወደ ግቢው ከሚመጣበት በላይኛው በኩል ያለ ጉድጓድ ይፈለግ።

ስለ ማጽዳቱ በዝርዝር መናገር ለጊዜው ይቸኩላል፤ ሆኖም መንገዱን ልጠቁም። ዝቃጩና አመዱ ተለይተው ከተገኙ እነርሱ ብቻ ተቆፍረው ከታች ውኃ የማያሳልፍ ምንጣፍ፣ ከላይ ክዳን ባለው ማጠራቀሚያ ይቀመጣሉ። የቀረው መሬት የዝናብ ውኃ እንዳይሰርግበት ተዳፋት ተሰጥቶት ይሸፈናል። የነዳጁ ታንክ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ያፈሰሰው ነዳጅ ካለ በውኃው ላይ ስለሚንሳፈፍ ውኃው ከታንኩ በሚሄድበት በታችኛው በኩል አንድ መመልከቻ ጉድጓድ ይቆፈር።

በከርሰ ምድሩ ውኃ ውስጥ ክሮሚየም ስድስት ከተገኘ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንዱ ውኃውን ስቦ አውጥቶ ማጣራት ነው፤ ዋልካና የበሰበሰ ድንጋይ ባለበት ግን ፓምፑ ሲቆም ጭቃው የጠጣውን በካይ ቀስ እያለ ስለሚመልስ ቁጥሩ እንደገና ይወጣል። ሌላው በመሬቱ ውስጥ እንዳለ ወደ ክሮሚየም ሦስት መልሶ ማርጋት ነው። ለዚህም ፌረስ ሰልፌት የተባለ የብረት ጨው ወይም ባክቴሪያዎች የሚመገቡት ሞላሰስ በጉድጓድ ይላካል፤ ሞላሰስ ደግሞ በዚሁ ተፋሰስ የወንጂና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት ነው። ጥንቃቄው ኦክስጅን ሲጠፋ ብረትና ማንጋኒዝ፣ አልፎ አልፎም አርሴኒክ ከአፈሩ ሊሟሙ መቻላቸው ነው። በካሊፎርኒያ ሂንክሊ በተባለች መንደር እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ከጋዝ መግፊያ ጣቢያ ማቀዝቀዣ ማማዎች የወጣ ክሮሚየም ስድስት ያለበት ውኃ ምንጣፍ በሌላቸው ኩሬዎች ይደፋ ነበር፤ እዚያም ለዚሁ ዓላማ ኤታኖል ወደ መሬት ይላካል፤ በተበከለው ውኃም አልፋልፋ የተባለ የከብት መኖ ማሳ ይጠጣበታል። ብክለቱ ይፋ ከሆነ ከ1987 ወዲህ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ሥራው ገና አላለቀም።

ጨውን ግን በርካሽ የሚያጠፋ ዘዴ የለም። ምንጩን አንሥቶ፣ ዝናቡን ከልክሎ፣ መጠበቅ ነው።

መልስ 4፦ ከማሳቹሴትስ

ከቦስተን አቅራቢያ ነው የምጽፈው፤ የምኖርበት አካባቢ ከናንተው ጋር የሚመሳሰል ታሪክ ስላለው ላካፍላችሁ ወደድሁ። ዎበርን የምትባለው ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቆዳ ፋብሪካዎች ከተማ ነበረች። በሰሜን በኩል ባለው ሰፊ ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1853 ጀምሮ ኬሚካሎች፣ በኋላም እስከ 1969 ድረስ ከቆዳ ተረፈ ምርት ሙጫ ይሠራ ነበር። በ1970ዎቹ ግቢውን ለአዲስ ግንባታ ሲቆፍሩ ተቀብሮ የኖረው የቆዳ ቅራሪ ተጋለጠና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ተነሣ፤ ሽታው ወደ ጎረቤት ከተሞች ደርሶ «የዎበርን ሽታ» የሚል ስም ወጣለት። አባታችን ስለ ጋዙ የሰጡት አደራ እዚህም በተግባር የታየ ነው።

የግቢው መፍትሔ ምን ሆነ ብትሉ፣ አርሴኒክ፣ እርሳስና ክሮሚየም ያለበትን አፈር ሁሉ አልጫኑትም። አብዛኛውን በንጹሕ አፈርና በክዳን ሸፍነው፣ በትልቁ የቆዳ ክምር ላይ ጋዝ መሰብሰቢያ ሠርተው፣ መሬቱን ማን ምን ሊሠራበት እንደሚችል ገደብ አደረጉበት። ዛሬ በዚያ ግቢ ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተ የባቡር ጣቢያ አለ፤ እኔም እሳፈርበታለሁ። ስሙ ጂሚ አንደርሰን የተባለን፣ በ1981 በደም ካንሰር የሞተ የከተማዋን ሕፃን ያስታውሳል።

የልጁ ነገር ከሌላው የዎበርን ብክለት ጋር ይያያዛል። ከተማዋ በአበርጆና ወንዝ ዳር በ1964 እና በ1967 ያስቆፈረቻቸው «ጂ» እና «ኤች» የተባሉ ሁለት የመጠጥ ውኃ ጉድጓዶች ነበሩ። ነዋሪዎች በጣዕሙና በሽታው ለዓመታት ሲያማርሩ ኖረው በ1979 በአቅራቢያው የተጣሉ በርሜሎች ተገኙ፤ በዚሁ ሰበብ ውኃው ሲመረመር ትራይክሎሮኤቲሊን የተባለ የቅባት ማጽጃ ፈሳሽ ተገኘበትና ጉድጓዶቹ ተዘጉ። የሚያስገርመው በርሜሎቹ ምንጩ አለመሆናቸው ነው፤ በካዩ በከርሰ ምድር የመጣው በዙሪያው ከነበሩ ሌሎች ይዞታዎች ነበር። ዓይን ያየው ቆሻሻና ውኃው ያመጣው ቆሻሻ አንድ አልነበሩም። ይህን ፈሳሽ ያነሣሁት ፋብሪካው የማሽን ጥገና ክፍል ከነበረው እናንተም ልትመረምሩት ስለሚገባ ነው። ከውኃ ስለሚከብድ እንደ ነዳጅ አይንሳፈፍም፤ በስንጥቅ ድንጋይ ውስጥ እየሰመጠ ይወርዳል፤ ጣዕምም እንደ ጨው አይሰጥምና በመለኪያችሁ አይታይም።

መልስ 5፦ ነገረ ፈጅ

ወጪውን በተመለከተ አጭር አስተያየት አለኝ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 3 ብክለት ያስከተለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። ችግሩ ፋብሪካው ከተዘጋ፣ ንብረቱም ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈ በኋላ በካዩን ማግኘት ነው። ማኅበሩ መሬቱን የተረከበ ዕለት የመሬቱ ሁኔታ በጽሑፍ ካልተመዘገበ ነገ «ይህን ያደረጋችሁት በቁፋሯችሁ ነው» ቢባል መልስ ያጣል። ስለዚህ ውኃ ልክ የዘረዘሩት ልኬትና ናሙና ከርክክቡ በፊት ተሠርቶ፣ በክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማኅተም ተደርጎበት የውሉ አካል ይሁን፤ የማጽጃው ወጪም በሊዝ ዋጋው ላይ ለመደራደር ይግባ። ዝቃጩን ያለ ፈቃድ በካባ መድፋት ግን ማኅበሩን ራሱን በካይ ያደርገዋል፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ጠያቂ፦ ግንበኛው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተቋራጩን ውል እንዳንፈርም ለሥራ አመራር ኮሚቴው ማስታወሻ ጽፌያለሁ። ከአጥሩ ጥግ በስተ ሰሜን በእርግጥም አመድ የሚመስል ግራጫ ንጣፍ አለ፤ የግንብ ፍርስራሽ መስሎኝ ነበር። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ነዋሪዎቹ ውጤቱ እስኪመጣ ውኃውን አፍልተው ወይም በውኃ አጋር (በክሎሪን ማከሚያ) አክመው ቢጠቀሙ ይበቃልን? ደግሞስ ባሕር ዛፍ ብንተክል ብክለቱን ይስብልናል ያሉንም አሉ።

መልስ 6፦ ውኃ ልክ

ማፍላትም ሆነ ክሎሪን የሚከላከለው ተሕዋስያንን ነው። ጨውና ክሮሚየም በማፍላት አይጠፉም፤ ውኃው በተነነ መጠን ይልቁንም ይጠነክራሉ። ዓለም አቀፉ የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የጠቅላላ ክሮሚየም መመሪያ 50 ማይክሮ ግራም በሊትር ነው፤ ክሎራይድ በምላስ መታወቅ የሚጀምረው ደግሞ በ250 ሚሊ ግራም በሊትር ገደማ ሲሆን፣ በክሮሚየም ረገድ ግን ምላስ ምንም አይነግርም። ስለዚህ ውጤቱ እስኪመጣ ያ ጉድጓድ ለመጠጥና ለማብሰያ አይዋል፤ ለነዋሪዎቹም ምክንያቱን በግልጽ ንገሯቸው እንጂ በገመድ አጥራችሁ ብቻ አትሂዱ።

ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል እንጂ ክሮሙን ከመሬቱ አያነሣላችሁም። ሣርና ዛፍ የላዩን አፈር ከአቧራና ከመሸርሸር ይጠብቃሉ፤ በክዳኑ ላይ ለመትከልም ሥሩ ክዳኑን የማይበሳ ሣር ይሻላል።

በአመዱ ላይ ለጊዜው ሸራ አልብሱት፤ ልጆችና ከብቶች እንዳይደርሱበትም ይታጠር። ከአመዱ ሥር አንድ ናሙና፣ ከእርሱ ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ ሌላ አንድ ናሙና ወስዳችሁ ክሮሚየም ስድስትን አስለኩ። የሦስቱን ጉድጓዶች የውኃ ከፍታ የሰኔ ዝናብ ሳይጀምር ብታመጡልን አቅጣጫውን እዚሁ አብረን እናሰላዋለን።